ፎቶው ያላወቀውን ገማች ከየት ያመጣዋል? ስለ ፅንስ ጾታ ግምት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ነፍሰ ጡር እናቶች የልጃቸውን ጾታ ለማወቅ እስከ አምስተኛው ወር መጠበቅ እንደሌለባቸው ይሰብካል። የመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ፎቶ ከተገኘ የሚቀረው ፎቶውን ማንበብ መቻል ብቻ ነው ይላል። ጸሐፊዋ ለዚህ ሰባት ነጥቦች ደርድረዋል። በ11ኛው ሳምንት በፅንሱ እግሮች መካከል የምትታየው ጉብታ ከአስር ዘጠኝ ጊዜ ጾታውን በትክክል ትናገራለች፤ በ6ኛው ሳምንት እንግዴ ልጁ በቀኝ ከሆነ ወንድ፣ በግራ ከሆነ ሴት ነው፤ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ140 በላይ ከሆነ ሴት ናት፤ የራስ ቅሉ ቅርጽም ይመሰክራል፤ ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ ከገመተ አይሳሳትም፤ ሐኪሞች እያወቁ ይደብቃሉ፣ የሚያዙት የደም ምርመራም ያው ግምት ነው፤ በመጨረሻም ነገሩ ጨዋታ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም።

ጽሑፉ በለዛ የተጻፈ ነው፤ አንባቢም አግኝቷል። ምላሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከሰባቱ ነጥቦች አንዱ ግማሽ እውነት አለው፤ የቀሩት ስድስቱ የቆሙት በዚያ ግማሽ እውነት ትከሻ ላይ ነው።

ከግማሽ እውነቱ ልጀምር። በፅንሱ እግሮች መካከል ያለችው ጉብታ የሁለቱም ጾታ መነሻ ናት። በወንዱ ላይ ወደ ወንድ ብልት፣ በሴቷ ላይ ወደ ቂንጥር ታድጋለች። መጀመሪያ ላይ ግን በመልክም በአቀማመጥም አንድ ናት። የሚለያያት ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑ ደግሞ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ጸሐፊዋ ያላዩት ወይም ሊያዩት ያልፈለጉት ይህንን ሰሌዳ ነው።

የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ፅንሱ የተፀነሰው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «የ11 ሳምንት እርግዝና» ስንል የፅንሱ ትክክለኛ ዕድሜ 9 ሳምንት ገደማ ነው። የወንድ ፅንስ የዘር ፍሬዎች ቴስቶስትሮን ማመንጨት የሚጀምሩት ከፅንሰት በኋላ በ8ኛው ሳምንት ግድም ነው። ይህ ሆርሞን በጉብታዋ አካባቢ ባሉ ህዋሳት ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይለወጣል። የወንዱን ብልት ቅርጽ የሚያስይዘው፣ ጉብታዋንም ቀስ በቀስ ወደ ላይ የሚያቀናት እሱ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ በ11ኛው የእርግዝና ሳምንት ሆርሞኑ ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ሳምንት ቢሆነው ነው። በዚህ ጊዜ የብዙ ወንዶች ጉብታ ከሴቶቹ የምትለይበት ነገር የለም፤ ምክንያቱም ገና አልተለየችም። የገማቹ ዓይን ንስር ቢሆን እንኳ ያልተጻፈ ነገር አያነብም።

ጸሐፊዋ «ከአስር ዘጠኝ» ያሉትን ቁጥር ከየት እንዳመጡት አልነገሩንም። የታወቀውን ጥናት ግን እኔ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤፍራት፣ አኪንፌንዋ እና ኒኮላይደስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 172 መንታ ያልሆኑ እርግዝናዎችን በአልትራሳውንድ መርምረው ነበር። ፅንሱን በጎን በኩል፣ ልክ በመሃል ሰንጥቆ በሚያሳይ ምስል ይመለከቱና ከወገቡ በታች ባለው የጀርባ ቆዳ ላይ አግድም መስመር ያሰምራሉ። ከዚያ ጉብታዋ ከመስመሩ ጋር የምትፈጥረውን ማዕዘን ይለካሉ። ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ወንድ፣ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ወይም ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ሴት ይባላል። ውጤቱ በ11ኛው ሳምንት 70.3 በመቶ፣ በ12ኛው 98.7 በመቶ፣ በ13ኛው 100 በመቶ ትክክል ሆነ።

በ11ኛውና በ12ኛው ሳምንት መካከል ያለውን ዝላይ ልብ በሉ። ባለሙያዎቹ ያው ናቸው፣ መሣሪያውም ያው ነው፣ የማዕዘኑ ደንብም ያው ነው። የተለወጠው የፅንሱ ዕድሜ ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የገማቹ ችሎታ ቢሆን ኖሮ በሰባት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር።

ሳንቲም የሚያሽከረክር ሰው ከመቶ ሃምሳ ያህሉን ያገኛል። ሰባው ከዚያ ይሻላል፤ ከዘጠናው ግን ብዙ ይርቃል። ከዚህ የባሰው ስህተቱ ያለበት ቦታ ነው። በዚያው ጥናት በ11ኛው ሳምንት ከወንዶቹ 56 በመቶ የሚሆኑት «ሴት» ተብለው ተመዝግበዋል፤ ከሴቶቹ ደግሞ በስህተት «ወንድ» የተባሉት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህንን ወደ ሰው ቁጥር እንመልሰው። በ11ኛው ሳምንት 100 ወንድና 100 ሴት ፅንሶች ታዩ እንበል። «ወንድ» የሚል መልስ የሚሰጠው ለ44 ወንዶችና ለ5 ሴቶች ነው። «ሴት» የሚል መልስ የሚሰጠው ግን ለ95 ሴቶችና ለ56 ወንዶች ነው። በዚህ ሳምንት «ወንድ ነው» ከተባሉት ውስጥ ከአስር ዘጠኙ በእርግጥም ወንድ ይሆናሉ፤ የጸሐፊዋ ቁጥር ከዚህ ተቆርሶ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። «ሴት ናት» ከተባሉት 151 ውስጥ ግን ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ወንድ ሆነው ይወለዳሉ። በ11ኛው ሳምንት «ሴት» የሚለው መልስ በአብዛኛው የሚናገረው ጉብታዋ ገና አለመቅናቷን ነው። ጸሐፊዋ ለሁለቱም መልሶች አንድ ዓይነት ዋስትና ሰጥተዋል። አንዲት እናት በዚህ ተማምና ለቤተሰቧ ሁሉ «ሴት ናት» ብትል ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ፅንሱን በቀጥታ እያየ ለሚመረምር የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ፅንሱ እስኪዘረጋ ይጠብቃል፣ መመርመሪያውን ያዘነብላል፣ እናቲቱን በጎን አስተኝቶ ደግሞ ያያል፣ ካልሆነለትም «አልታየኝም» ይላል። ማዕዘኑ በ10 እና በ30 ዲግሪ መካከል ሲሆንም መልስ ባይሰጥ ይመረጣል። የጸሐፊዋ አንባቢ በእጁ ያለው ግን አንድ የቆመ ምስል ነው፤ እሱም የተነሳው ለሌላ ዓላማ፣ ብዙ ጊዜ የፅንሱን ርዝመት ለመለካት ነው። ፅንሱ ጀርባውን ካጎበጠ መስመሩ የሚሰመርበት ወገብ ራሱ ይጠማዘዝና ማዕዘኑ ይዛባል። ምስሉ ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን ከሸሸ ጉብታ የመሰለው ነገር እግር ሊሆን ይችላል። በእግሮች መካከል ያለፈ የእትብት ጥቅልል ደግሞ ስንቱን ሴት «ወንድ» አሰኝቷል። ባለሙያው መሣሪያው የደም ዝውውርን በቀለም ሲያሳየው አይቶ እትብቱን ይለየዋል፤ ፎቶው ይህን ዕድል አይሰጥም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ጸሐፊዋ በመሃል «ጉብታዋ ረዘም ካለች ወንድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ በሁለቱ ጾታዎች መካከል ይህ ነው የሚባል የርዝመት ልዩነት የለም። የሚታየው አቅጣጫዋ እንጂ ርዝመቷ አይደለም። የማዕዘኑን ደንብ በትክክል ጽፎ ወዲያው በርዝመት መፍረድ ደንቡን ራሱን ማፍረስ ነው።

ቀኑም ቢሆን እንደተባለው ቀላል አይደለም። «12 ሳምንት ሆኖኛል» የምትል እናት ቆጠራዋ በወር አበባ ከሆነ፣ ያውም ዑደቷ የሚዘገይ ከሆነ፣ ፅንሱ ገና የ11 ሳምንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው ከፅንሱ አናት እስከ መቀመጫው ያለው ርዝመት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መጨረሻ የሚደረገው ምርመራ የሚሠራው ይህ ርዝመት ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው፤ የታችኛው ጫፍ 11ኛውን ሳምንት ያለፈውን፣ የላይኛው 14ኛውን ሊደፍን የደረሰውን ፅንስ ይወክላል። በሰባት ቀን ልዩነት 70 በመቶ ወደ 98 በመቶ በሚዘልበት ነገር ውስጥ ዕድሜውን ሳይጠይቁ ፎቶ ማንበብ ምን ይባላል? ጸሐፊዋ ያቀረቧቸው ምሳሌዎች አንዳቸውም ርዝመት አልተጻፈባቸውም።

ወደ እንግዴ ልጁ እንለፍ። ራምዚ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሐሳብ ከ5,000 በላይ ሴቶች ላይ ተፈትኖ በ97 በመቶ ትክክል ሆነ እየተባለ ይነገራል። ጸሐፊዋም ቁጥሩን እንደ ወረደ አምጥተውታል። ያላሉት ነገር ቢኖር ይህ ውጤት በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ በሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለመሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ግኝት እውነት ቢሆን በየሆስፒታሉ በተሠራበት ነበር፤ በ6ኛው ሳምንት፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ምርመራ፣ በ97 በመቶ እርግጠኝነት! እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚንቅ ሐኪም አላውቅም።

ግን ቁጥሩን እንተወውና ሰሌዳውን እንይ። በ6ኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱ ከተፀነሰ 4 ሳምንት ቢሆነው ነው። የፅንሱን የመራቢያ እጢ ወደ ወንድ የዘር ፍሬነት የሚመራው፣ የወንድ መለያ በሆነው በዋይ ክሮሞዞም ላይ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1990 የተለየው ኤስአርዋይ የተባለው ዘረ መል ራሱ ሥራውን የሚጀምረው ከፅንሰት በኋላ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ክሮሞዞሙ በእርግጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእንግዴ ልጁም ህዋሳት ውስጥ አለ፤ ይህን አልክድም። ጥያቄው አንድ ክሮሞዞም የማህፀንን ቀኝና ግራ በምን ዘዴ እንደሚለይ ነው። ለዚህ ጽሑፉ መልስ የለውም። ደግሞም በዚያ ሳምንት የሚታየው የተጠናቀቀ እንግዴ ልጅ አይደለም፤ የፅንሱን ከረጢት የከበበው ገና ቦታውን እያደላደለ ያለ ህብረ ህዋስ ነው።

የሚያስቀው ነገር ምስሉ ራሱ ነው። በሆድ ላይ በሚደረግ ምርመራ ማህፀኑ በአግድም ሲታይ በስክሪኑ ግራ ያለው የእናቲቱ ቀኝ ነው። ማህፀኑ በቁመት ከታየ ግን፣ የብዙዎቹ የ6 ሳምንት ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው፣ ምስሉ ላይ ቀኝና ግራ ፈጽሞ የለም። ያለው ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ ነው። በብልት በኩል በሚደረገው ምርመራ ደግሞ የምስሉ አቀማመጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንግዲህ ቀኝ የሌለውን ፎቶ ይዞ «በቀኝ ነው» ማለት የንባብ ስህተት እንኳ አይባልም። ትንበያው ሲሳሳት የሚቀርበው ምክንያትም ዝግጁ ነው፦ «ምስሉ ተገልብጦ ነበር።» ሲገኝ ዘዴው ሠራ፣ ሲጠፋ ምስሉ ተገለበጠ። በዚህ ደንብ የማያሸንፍ ሰው የለም።

የልብ ምቱን ነገር ጸሐፊዋ ራሳቸው በሰጡት ደንብ ብንፈትነው ይበቃል። የፅንስ ልብ በ6ኛው ሳምንት በደቂቃ 110 ገደማ ይመታል። ከዚያ በፍጥነት እየጨመረ በ9ኛው ሳምንት ወደ 170 ይደርሳል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወርዶ በ13ኛው ሳምንት 150 አካባቢ ይሆናል። ይህ ለወንዱም ለሴቷም ነው። «ከ140 በላይ ሴት» ካልን እያንዳንዱ ፅንስ በ6ኛው ሳምንት ወንድ ሆኖ ጀምሮ በ9ኛው ሳምንት ሴት ይሆናል ማለት ነው። በእርግዝናው መጨረሻም ጤናማ የሚባለው ምት ከ110 እስከ 160 ስለሆነ፣ ያው ልጅ ሲተኛ ወንድ ሲነቃ ሴት ሊሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሴቶቹን አማካይ 151.7፣ የወንዶቹን 154.9 አግኝቷል። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚያልፍ አይደለም፤ ቢያልፍ እንኳ ዝንባሌው ከጸሐፊዋ አባባል በተቃራኒው ነው።

የራስ ቅሉን ነጥብ በሁለት ዓረፍተ ነገር እዘጋዋለሁ። የአጥንት ባለሙያዎች ከራስ ቅል ጾታን የሚለዩት ከጉርምስና በኋላ በሚመጡት የቅንድብ አጥንት፣ የመንጋጋና የጡንቻ መያዣዎች ልዩነት ሲሆን፣ በሕፃናት አጽም ላይ እነሱም ቢሆኑ ይቸገራሉ። በ12 ሳምንት ፅንስ ግንባር ላይ የአዋቂን ቅንድብ መፈለግ ከየት እንደመጣ ጸሐፊዋ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

የብዙኃኑ ድምፅ የሚለው ነጥብ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ሰውን የሚያሳምነው እሱ ነውና። ጸሐፊዋ ግምቱ የሠራላቸውን እናቶች ምስክርነት በተከታታይ አስፍረዋል። ምስክሮቹ ዋሽተዋል አልልም። ጥያቄው ያልጻፉት የት አሉ የሚለው ነው። ጾታ ሁለት አማራጭ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው ከአንድ ሺህ እናቶች ለአምስት መቶው ያህል ትክክል ይሆናል። ከአምስት መቶዎቹ ውስጥ ተገርመው «ልክ ነበራችሁ!» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የቀሩት አምስት መቶዎች ልጃቸውን አቅፈው ግምቱን ረስተውታል። ለሦስት ልጆቿ በተከታታይ ትክክል የተገመተላት እናትም ተአምር አላየችም፤ ከስምንት እናቶች አንዷ ይህን በአጋጣሚ ብቻ ታገኛለች። ዘዴውን የሚፈትነው የደስተኞች ዝርዝር አይደለም። ግምቱ ከመወለድ በፊት በጽሑፍ ተይዞ፣ ከዚያ ሁሉም ሳይቀሩ፣ የተሳሳቱትም ጭምር፣ ሲቆጠሩ ነው። ጸሐፊዋ ስንት ግምት እንደተሰጠ አልነገሩንም፤ ስንቱ እንደተገኘ ብቻ ነገሩን።

«ሃያ ሰው ወንድ ካለ ወንድ ነው» የሚለውም አያስኬድም። የብዙ ሰው ግምት ከአንድ ሰው የሚሻለው እያንዳንዱ ለብቻው አይቶ ሲፈርድና በእያንዳንዱ እጅ ጥቂት ዕውቀት ሲኖር ነው። እዚህ ግን ሁለተኛው ገማች የመጀመሪያውን መልስ አንብቦ ነው የሚጽፈው። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ፎቶውን ማየትም ያቆማል። ሁሉም የሚያዩት አንድ ያልበሰለ ምስል ከሆነ ደግሞ ስህተታቸውም አንድ ይሆናል፤ ከላይ እንዳየነው በ11ኛው ሳምንት ስህተቱ ወደ «ሴት» ያዘነበለ ነው፤ ሃያ ሰው ቢደጋግመው አይቃናም።

ስድስተኛው ነጥብ ሐኪሞችን ይከሳል፤ «ያውቃሉ፣ ግን ይደብቃሉ።» በዚያ ዕድሜ የሚደረገው ምርመራ ዓላማው የታወቀ ነው። ፅንሱ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ፣ ዕድሜውን በርዝመት መወሰን፣ ፅንሶቹ ስንት እንደሆኑና መንታ ከሆኑ እንግዴ ልጅ መጋራት አለመጋራታቸውን ማየት፣ ከአንገቱ ጀርባ ያለውን ፈሳሽ ውፍረት መለካት፣ ጎላ ያሉ የአፈጣጠር ችግሮችን መፈለግ። ጾታ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ባለሙያው «ገና ነው» ሲል እየደበቀ ሳይሆን ከላይ ያየነውን 56 በመቶ እያሰበ ነው። በሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ ጾታን ከመወለድ በፊት መንገር የተከለከለ ነው፤ እዚያ የሐኪሙ ዝምታ ሕግ ማክበር ነው።

የደም ምርመራውን ከፎቶ ግምት ጋር ማመሳሰል ግን የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቹ ወንድ ፅንስ በያዙ እናቶች ደም ውስጥ የዋይ ክሮሞዞም ቁርጥራጭ ዲኤንኤ እንደሚገኝ አሳወቁ። ቁርጥራጩ በዋነኛነት የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ህዋሳት ነው። እናት የዋይ ክሮሞዞም ስለሌላት በደሟ ውስጥ ከተገኘ ምንጩ ሌላ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ፣ ይህ ዘዴ ወንዶቹን በ95.4 በመቶ፣ ሴቶቹን በ98.6 በመቶ እንደሚለይ፣ ከ7ኛው ሳምንት በፊት ግን እንደማይታመን ደምድሟል። እንከን የለሽ አይደለም። አብሮ ተፀንሶ የጠፋ መንታ፣ ወይም ከወንድ የተለገሰ የአካል ክፍል በእናቲቱ ውስጥ ካለ ሊያሳስት ይችላል። ልዩነቱ የስህተቱ ምንጭና መጠን የታወቀ መሆኑ ነው። የክሮሞዞም ምርመራና የፎቶ ግምት ሁለቱም «ሊሳሳቱ ይችላሉ» ተብሎ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ሌላም አለ። አልትራሳውንድ የሚያየው ቅርጽን ነው፤ ክሮሞዞምን አይደለም። በአብዛኛው ሁለቱ ይስማማሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በዘር የሚወረስ የአድሬናል እጢ (ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ) ሕመም ያለባት ሴት ፅንስ ከራሷ እጢ በሚመነጭ ሆርሞን ምክንያት ውጫዊ ብልቷ የወንድ መልክ ሊይዝ ይችላል። በአንዳንድ ወንዶች ደግሞ የሽንት ቀዳዳው ከቦታው ዝቅ ብሎ፣ ብልቱም ወደ ታች ታጥፎ ይታያል። ለሐኪም እነዚህ ሕክምና የሚፈልጉ ምልክቶች ናቸው። በፎቶ ለሚገምት ሰው ግን «ወንድ» ወይም «ሴት» ከሚለው ውጭ ሣጥን የለውም።

የመጨረሻው ነጥብ «ማንን ይጎዳል?» ይላል። ጨዋታው በጨዋታነቱ ቢቀር እኔም አልከራከርም ነበር፤ ልጁ እስኪወለድ ሁለት ዘመዳሞች ቢወራረዱ ምን ገዶኝ። ጽሑፉ ግን ከጨዋታ አልፎ ይመክራል። በመጀመሪያ፣ ፎቶው ግልጽ ካልሆነ በየሳምንቱ ደጋግሞ መነሳትን፣ የልብ ምቱንም ዶፕለር በሚባለው፣ የደም ፍሰትን በሚለካው የአልትራሳውንድ ዓይነት ማዳመጥን ይመክራል። አልትራሳውንድ ለሕክምና ምክንያት ሲደረግ ደኅንነቱ የተመሰከረለት ነው። ሆኖም የድምፅ ሞገድ ኃይል ነው፤ ህብረ ህዋስን ሊያሞቅ ይችላል። ከአልትራሳውንድ ዓይነቶች ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ኃይል የሚያሳርፈው ደግሞ ይኸው ዶፕለር ነው። ዓለም አቀፉ የወሊድና የማህፀን ሕክምና አልትራሳውንድ ማኅበር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዶፕለር ያለ ምክንያት እንዳይደረግ ይመክራል፤ የልብ ምት ለመለካት ኤም-ሞድ የሚባለው ቀለል ያለ ዘዴ ይበቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ለማስታወሻ ፎቶ ብቻ የሚደረግን አልትራሳውንድ አይደግፍም። በማይሠራ የልብ ምት ደንብ ጾታ ለመገመት ብሎ ፅንስን ለዶፕለር ማጋለጥ የሁለት ስህተቶች ድምር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ፎቶውን ለማያውቁት ገማች መላክን ይመክራል። በአልትራሳውንድ ፎቶ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ የእናቲቱ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የምርመራው ቀንና የተመረመረችበት ቦታ ታትሞ ይገኛል። ጽሑፉ ስለዚህ አደጋ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም።

ሦስተኛውና ከባዱ ግን ጾታው በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች መኖራቸው ነው። ደም አለመርጋት የሚያስከትለው ሄሞፊሊያና ጡንቻን የሚያመነምነው የዱሼን ሕመም የሚተላለፉት በኤክስ ክሮሞዞም ነው። የዘረ መሉ ተሸካሚ የሆነች እናት የምትወልደው ወንድ ልጅ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። ለእሷ «ሴት ናት» የሚለው ቃል ከእንግዴ ልጁ ናሙና ለመውሰድ መርፌ ማስገባት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ይወስናል፤ ያም ምርመራ የሚደረገው ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። በሄሞፊሊያ ደግሞ ወንድ ሊሆን የሚችለውን ልጅ በመሳቢያ መሣሪያ ከማዋለድ ለመቆጠብ የወሊድ ዕቅዱም አስቀድሞ ይወጣል። እንዲህ ያለች እናት የጸሐፊዋን «ከአስር ዘጠኝ» አምና በ11ኛው ሳምንት ፎቶ ብትወስን፣ ከሲሶ በላይ የሚሳሳተው «ሴት» የሚል መልስ የሚያርፈው በእሷ ልጅ ላይ ነው። የሚያስፈልጋት የደም ምርመራና የዘረ መል ምክር ነው፤ በሰባቱ ነጥቦች ውስጥ ግን ስለ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር አልተጻፈም። ጸሐፊዋ ጽሑፋቸውን ሲያርሙ ቦታ ከጠበባቸው የራስ ቅሉን ክፍል ቢያወጡት ይበቃል።